የረቡዕ ምሽቱ አሥር ማይል

ረቡዕ ነው፤ የሥራው ሳምንት እኩሌታ። ከአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሾፌሮች ለአፍታ መኪና በሚያቆሙበት የመንገድ ዳር ሃያ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። አንዱ የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፍቶ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀይራል። አንዲት ሴት የጓደኛዋን ጀርባ አዙራ ከወገቧ ከፍ አድርጋ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ታያይዝላታለች። ሸምገል ያሉ አንድ ሰው ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸው ላይ የስም ዝርዝር አስቀምጠው፣ ሰዓት መያዣቸውን በእጃቸው ጨብጠው ቁጭ ብለዋል። ምሽት 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። እኛ ዘንድ ቢሆን መሽቷል፤ ዶሮው ቆጥ ላይ ሰፍሯል፤ ብስክሌት የያዘ ሰው ቢገኝ እንኳ የሚያስበው ሳይገጩት ቤቱ መግባቱን ነው። እዚያ ግን በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነውና ገና ቀን ነው።

አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ኮርቻውን ከኋላ ደግፎ የያዘለት ሰው ይለቀዋል፤ የመጀመሪያው ሄደ። በደቂቃው ሁለተኛው፣ በደቂቃው ሦስተኛው። 5 ማይል ሄደው አንድ አደባባይ ይዞሩና በዚያው መንገድ ይመለሳሉ፤ ድምሩ 10 ማይል፣ በእኛ 16 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ሜትር ነው። ማንም ከማንም ጋር ጎን ለጎን አይሄድም። የቀደመውን የደረሰበት ሰው አልፎት ይሄዳል እንጂ ከኋላው ተለጥፎ ከነፋስ መሸሸግ ክልክል ነው። ተመልካች የለም፤ ካለም የአንዱ ሚስት ወይም የሌላዋ ልጅ ነው። ሲያበቃ ውጤቱ ይነበባል። አንዱ ካለፈው ሳምንት 8 ሰከንድ ቀንሷል፤ ሌላዋ በመመለሻው የገጠማትን ነፋስ ትራገማለች። በማግስቱ ሁሉም ሥራ ይገባል።

ባለቤቶቹ ይህን ውድድር በርቀቱ ብቻ ይጠሩታል፦ “አሥር”። “ዛሬ አሥር አለ” ከተባለ የክለብ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ላይ ላዩን ሲያዩት የዋህ ነገር ነው። ከጀርባው ያለው ታሪክ ግን የክስ፣ የፖሊስ፣ የምስጢር ወረቀትና የሃይማኖት ክፍፍል የሚመስል ጠብ ነው። እንግሊዞች በየምሽቱ ብቻ ለብቻ የሚጋልቡት ከሌላው ሕዝብ የተለየ ብቸኝነት የሚወድ ጠባይ ስላላቸው አይደለም። ፈርተው ነው። ፍርሃቱ የአገሪቱን ብስክሌት ግማሽ ምዕተ ዓመት አስከፍሎታል። ሆኖም ከዚያው ፍርሃት የተሠራው ነገር፣ እኔ እንደማየው፣ ለደመወዝተኛ ሰው ከተፈጠሩ ውድድሮች ሁሉ የበለጠ የሚመች ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1885 በኮቬንትሪ ከተማ ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ ሰው ሮቨር ያለውን ብስክሌት አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ናቸው፤ የኋላውን የሚያዞረው ካቴና ነው፤ ባጭሩ ዛሬም የምናውቀው ብስክሌት ነው። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ ሆኖ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ። ከዚያ በፊት ብስክሌት ማለት የሰው ቁመት በሚያህል የፊት ጎማ ላይ ተሰቅሎ አንገት ለመስበር የሚዘጋጁ የባለጸጋ ልጆች ጨዋታ ነበር። አሁን የጸሐፊው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና የሱቅ ሻጭዋ መጓጓዣ ሆነ። ክለቦች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ከነዚህ አንዱ በ1885 የተመሠረተው ኖርዝ ሮድ ነው፤ ስሙን የወሰደው ከለንደን ወደ ሰሜን ከሚወጣው ከጥንቱ አውራ ጎዳና ነው።

መንገዱ ግን ባለቤት ነበረው። ፈረሰኛው፣ ባለ ሠረገላውና ባለ ርስቱ አቧራ አስነስቶባቸው የሚያልፈውን የከተማ ወጣት አልወደዱትም። ሕጉም ከነሱ ጋር ነበር። በ1879 አንድ ፍርድ ቤት ብስክሌት እንደ ሠረገላ ይቆጠራል ብሎ ስለበየነ፣ ሠረገላን ያለ ልክ ማብረርን የሚከለክለው አሮጌ ሕግ ብስክሌተኛውንም ያዘው። ፖሊስ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ የሚጋልበውን እስከመያዝ ደረሰ።

ከዚያ የ1894 ሐምሌ መጣ። በኖርዝ ሮድ ክለብ የ50 ማይል ውድድር ላይ ተጠጋግተው የሚጋልቡ ሰዎች ሠረገላ የምትነዳ አንዲት ሴት ላይ ደረሱ። ፈረሱ ደነበረ። ብስክሌተኞቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ወደቁ። ሴትየዋ ለፖሊስ አመለከተች። በዛሬ ዓይን የመንገድ ዳር ግርግር ነው፤ ነገር ግን የዘመኑን የብስክሌት መሪዎች አጥንት ያርገፈገፈ ሆነ። ብሔራዊ የብስክሌተኞች ኅብረት የሚባለው ድርጅት፣ ፖሊስና ፓርላማ ተነሥተው ብስክሌትን ከነጭራሹ ከመንገድ እንዳያስወጡ ስለሰጋ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ መወዳደርን እርሙ አደረገ። መሽቀዳደም ያማረው ወደ ታጠረ ሜዳ ይሂድ ተባለ። ጎረቤቱ ፈረንሳይ ከቦርዶ እስከ ፓሪስ እያስጋለበ ሕዝብ ሲያስጨበጭብ፣ ብስክሌቱን ለዓለም የሰጠው አገር በራሱ መንገድ ላይ መወዳደርን ከለከለ።

በ1894ቱ ግርግር ውስጥ ከነበሩት አንዱ ፍሬደሪክ ቶማስ ቢድሌክ ነበር። ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ የ24 ሰዓት ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው፤ ኋላም የዘመኑ ዋና ሰዓት ያዥ ሆነ። ቢድሌክ ያቀረበው መላ ቀላልና ብልጥ ነው። ፈረስ የሚያስደነብረውም፣ ፖሊስ የሚጠራውም መንጋው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ፈጠን ብሎ ቢሄድ ግን ማን ተወዳዳሪ ይለዋል? ቤቱ የሚቸኩል ሰው ነው። ስለዚህ ጋላቢዎቹን በየተራ አስነሥተህ እያንዳንዱን በሰዓት ለካው። ጥቅምት 5 ቀን 1895 ኖርዝ ሮድ በዚህ መንገድ የ50 ማይል ውድድር አደረገ። የእኛ ብስክሌተኞች ከጣሊያን ወስደው ክሮኖ የሚሉት ዓይነት ውድድር በእንግሊዝ እንዲህ ተተከለ። (“ብስክሌት” የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ “ካቴና”ም እንዲሁ። የእንግሊዝን ታሪክ እየጻፍኩ በጣሊያንኛ መሣሪያ መጠቀሜን አንባቢ ይለፈኝ።)

የሚቀጥለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የድብብቆሽ ዘመን ነው። ተወዳዳሪው ከአንገቱ እስከ እግሩ ጥቁር ይለብሳል፤ ደማቅ ቀለም የመንደርተኛ ዓይን ይስባልና። ብስክሌቱ ላይ እንደማንኛውም ሰላማዊ መንገደኛ ደወል ይኖረዋል። ውድድሩ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ቄሱም ፖሊሱም ሳይነቁ ይካሄዳል። የተወዳዳሪዎች ስምና የመነሻ ሰዓት የሚታተምበት ወረቀት “የግልና ምስጢራዊ” የሚል ማኅተም አለው። ቦታው በስሙ አይጠራም፤ በፊደልና በቁጥር ይመሰጠራል። ይህ የመጨረሻው ልማድ ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም አለ። ዛሬ አንድ የዮርክሺር ጋላቢ ሀል ከተማ አጠገብ ስላለው ፈጣን መንገድ ሲያወራ “ቪ 718” ይላል፤ ፊደሉ አካባቢውን፣ ቁጥሩ መንገዱን ይነግራል። የጦር ሠራዊት ካርታ የሚያነብ ይመስላል እንጂ በብስክሌት ስለሚዝናና ሰው የሚወራ አይመስልም።

ነገሩን የሚመሩት ክለቦች በ1922 ምክር ቤት አቋቋሙ፤ በ1937 የመንገድ ሰዓት ውድድሮች ምክር ቤት የሚል ስም ወሰደ፤ ዛሬ ያለው አካል ደግሞ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው ነው። ስሙ ሲቀያየር ሥራው አልተለወጠም። ሰዓት ያዥ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ መንገድ።

ምሽቱስ ከየት መጣ? የእሑዱ ጎህ ለትላልቆቹ ውድድሮች ነበር። በሥራ ቀን መወዳደር የሚፈልግ ሰው ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ ራት ሳይበላ፣ ከጨለማ በፊት መጨረስ አለበት። እዚህ ላይ ከብስክሌት ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ሰው ይገባል። ዊልያም ዊሌት የተባለ ቤት ሠሪ በ1907 የበጋ ጠዋት ብርሃን በእንቅልፍ ይባክናል ብሎ በራሱ ገንዘብ ጽሑፍ አሳተመ። ሰዓት ወደፊት ይገፋ ነበር ክርክሩ። ብዙዎች ሳቁበት። በ1915 ሞተ፤ በዓመቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ነዳጅና ከሰል ለመቆጠብ ሲባል፣ ሐሳቡ ሕግ ሆነ። በሰኔ የእንግሊዝ ምሽት ያለዚያም ረጅም ነው። በሚያዝያና በነሐሴ መጨረሻ ግን ያቺ የተገፋች አንድ ሰዓት ባትኖር የረቡዕ ምሽት ውድድር የሚታሰብ አልነበረም። ለዚህ ይመስለኛል ይህ ልማድ በእኛ አገር ሊበቅል ያልቻለው። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ ወረፋ ላይ ሳለ ቀኑ ያልቃል። የእኛ የአማተር ስፖርት ማለዳ ተነሥቶ መሮጥ የሆነው ከጀግንነት ብቻ አይደለም፤ ከምድር ወገብ ቅርበትም ነው።

አሁን ወደ ጠቡ። ፐርሲ ስታላርድ የዎልቨርሃምፕተን ሰው ነው። በ1934 ላይፕዚሽ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ከሌላው ዓለም ጋር በጋራ ተነሥቶ ጋልቦ ሰባተኛ ወጥቷል። አገሩ ሲመለስ ግን መለማመጃ የለውም፤ ሁሉም ብቻውን ነው የሚጋልበው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ተቆጥቦ መንገዱ ባዶ ሲሆን አሰበ። መኪና ከሌለ ማን ይደነግጣል? የየአውራጃውን የፖሊስ አዛዦች ጠየቀ፤ አልተቃወሙም። ሰኔ 7 ቀን 1942 ከዌልስ ላንጎለን ተነሥተው 95 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ዎልቨርሃምፕተን በጋራ ጋለቡ። መድረሻው ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ጠበቃቸው፤ ያሸነፈውም የከተማው ልጅ አልበርት ፕራይስ ነበር። አንድም ፈረስ አልደነበረም።

ፖሊስ ዝም ሲል የቀጣው የብስክሌተኞች ኅብረቱ ነው። ስታላርድና አብረውት የነበሩት ታገዱ። በዚያው ዓመት እነሱ የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ፤ እስከ 1959 ድረስ ሁለቱ ወገኖች እንደ ቅባትና ተዋሕዶ ሲከራከሩ ኖሩ። ባንዱ ያለ በሌላው ዘንድ ቢወዳደር ይታገዳል፤ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው የማይነጋገሩ ክለቦች ነበሩ። በ1959 ኅብረቱና ሊጉ ተዋሕደው አንድ ፌዴሬሽን ሆኑ። የሰዓት ውድድር ሰዎች ግን አልገቡበትም፤ ቤታቸውን ዘግተው ቀሩ፤ ዛሬም ለብቻቸው ናቸው።

የክልከላውን ዋጋ ለማየት ሁለት ዓመተ ምሕረት ይበቃል። ቱር ደ ፍራንስ የተጀመረው በ1903 ነው። የብሪታንያ ቡድን መጀመሪያ የተካፈለበት 1955 ነው፤ ያን ጊዜ ብራያን ሮቢንሰን ከአገሩ ልጆች መጀመሪያ ቱሩን ከጨረሱት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሃምሳ ሁለት ዓመት! በመሃል ሁለት ትውልድ የእንግሊዝ ጋላቢ አርጅቷል፤ በመንጋ ውስጥ መጋለብ፣ ክርን ለክርን ተደጋግፎ መታጠፍ፣ በትክክለኛው ደቂቃ መሸምጠጥ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

እርግጥ ያልገደላቸው አበርትቷቸዋል። በ1956 ነሐሴ ሬይ ቡቲ የተባለ ጋላቢ 100 ማይልን ከ4 ሰዓት በታች በመጨረስ የመጀመሪያው ሆነ፤ 3 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሜልቦርን ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ሲያሸንፍ እንግሊዛዊው አለን ጃክሰን ሦስተኛ ወጣ። ያ ውድድር እኛንም ይነካናል። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በሜልቦርን ነው፤ ኋላ ስሟ ከሩጫ ጋር የተጣበቀው አገር ያን ጊዜ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። እነ ገረመው ደምቦባ ከነጃክሰን ጋር በአንድ መስመር ላይ ቆመው ተነሥተዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ ቱር ደ ፍራንስን ለመጋለብ 60 ዓመት ፈጅቷል፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2016። የእንግሊዝን 52 ዓመት በቃለ አጋኖ የጻፍኩት ሰው የራሴን አገር 60 ዓመት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ስለ “አሥር” ዓለም ሲወራ ሁሉም መንገድ ግን ወደ አንዲት ሴት ያደርሳል። ቤሪል በርተን በ1937 ሊድስ ተወለደች። በልጅነቷ በሩማቲክ ትኩሳት ታማ ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ልቧን እንዳታደክም ተመክራለች። ብስክሌትን ያስተማራት ባሏ ቻርሊ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አልፋው ሄደች፤ እሱም ዕድሜ ልኩን ሾፌሯ፣ መካኒኳና ሻይ አፍይዋ ሆነ። ሥራዋ በዮርክሺር ሩባርብ በሚባል ግንዱ በሚበላ ተክል እርሻ ላይ መቆፈርና መሸከም ነበር። ደመወዝ የሚከፈላት ለሩባርቡ ነው። ብስክሌቱ የትርፍ ጊዜ ነው።

በዚህ የትርፍ ጊዜ ሁለት ጊዜ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮን፣ አምስት ጊዜ የዓለም የትራክ ማሳደድ ሻምፒዮን ሆነች። ከ1959 እስከ 1983 በተከታታይ 25 ዓመት የብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ የሴቶች ሁለገብ ጋላቢ ተብላለች። ሃያ አምስት ዓመት ሳይቋረጥ። ኦሊምፒክ ግን አልሄደችም፤ የሴቶች ብስክሌት ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው፤ ያን ጊዜ 47 ዓመቷ ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1967 ኦትሊ የሚባል ክለብ የ12 ሰዓት ውድድር አዘጋጀ። በዚህ ዓይነቱ ውድድር የሚለካው በ12 ሰዓት ውስጥ የተጋለበው ርቀት ነው። ወንዶቹ ቀድመው በየደቂቃው ተነሡ፤ በርተን ከኋላቸው። ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። በመጨረሻ ከፊቷ የቀረው ማይክ ማክናማራ ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያው ሰዓት የወንዶችን ክብረ ወሰን እየሰበረ ነው። ደረሰችበት። ዝም ብላ ማለፉ ከበዳትና ኪሷን ዳብሳ አንድ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው። ተቀበላት፤ አለፈችው። ማክናማራ 276.52 ማይል ጋልቦ አዲስ የወንዶች ክብረ ወሰን ያዘ። በርተን 277.25 ማይል ጋለበች፤ 446 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድም ወንድ ያን ርቀት እስከ 1969 አላለፈውም። ከሴቶች ደግሞ ለ50 ዓመት፣ እስከ 2017 ድረስ፣ የደረሰበት አልተገኘም።

የከረሜላዋ ታሪክ ደግ ሰው አስመስሏታል። ግማሹን ነው። በ1976 በአገሪቱ ሻምፒዮና ልጇ ዴኒስ በመጨረሻዋ ሜትር ቀድማት አሸነፈች፤ እናት ሽልማት መድረኩ ላይ የልጇን እጅ አልጨበጠችም። ኋላ ተጸጽታበታለች። እኔ ግን ይህን ታሪክ ከከረሜላው አስበልጣለሁ። ለደመወዝ የማይጋልብ ሰው ለጨዋታ ነው የሚጋልበው የሚሉ ሰዎች በርተንን ይዩ። ገንዘብ በሌለበት ቦታ የሚቀረው ክብር ብቻ ነው፤ ክብር ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ይነክሳል። በ1996 በ58 ዓመቷ፣ ለልደቷ ጥሪ ወረቀት በብስክሌቷ እያደለች ሳለ ልቧ ቆሞ መንገድ ላይ ሞተች።

የሌሎቹን ቶሎ ልበል። አልፍ ኤንገርስ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሌሊት ምድጃ ፊት ይሠራል፣ ቀን ብስክሌቱን ለማቅለል ብረቱን ይበሳል። በ1978 25 ማይልን በ49 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጋልቦ ከ50 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1993 ደግሞ በነዚሁ መንገዶች ላይ ሲፈላለጉ የኖሩ ሁለት ሰዎች ጠባቸውን ወደ ዓለም አደባባይ አወጡት። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ በገዛ እጁ በሠራው፣ ውስጡ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ ባለበት ብስክሌት ኖርዌይ ሄዶ የአንድ ሰዓቱን የዓለም ክብረ ወሰን 51.596 ኪሎ ሜትር አደረሰው። በስድስተኛው ቀን ክሪስ ቦርድማን ቦርዶ ላይ 52.270 አድርጎ ነጠቀው። የዓለም ጋዜጦች እነዚህ ከየት መጡ አሉ። የመጡት ከመንገድ ዳር ማቆሚያ ነው፤ ልጆች ሆነው በምሽት ውድድር አሥር ማይል ሲጋልቡ ያደጉ ናቸው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ከሰዓት ጋር ያፋጠጠ አገር፣ ከሰዓት ጋር መፋጠጥን ከማንም በላይ ቢችል አያስገርምም።

ለምን ይከብዳል? ከውጭ ሲያዩት ሃያ ምናምን ደቂቃ ፔዳል መርገጥ ነው። ጠላቱ አየር ነው። ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጋላቢ አብዛኛው ጉልበቱ አየር በመግፋት ያልቃል፤ አየር ደግሞ ዋጋውን በፍጥነቱ ልክ ብቻ አያስከፍልም። ፍጥነትህን በ10 በመቶ ልጨምር ብትል አየሩን ለመግፋት የሚጠየቀው ጉልበት በ33 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ጀማሪ በሁለት ወር ውስጥ 3 ደቂቃ ይቀንሳል፤ ከዚያ 30 ሰከንድ ለመቀነስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ሰውየው ጎንበስ የሚለው፣ ክርኑን የሚሰበስበው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተጣበቀ ልብስ የሚለብሰው ለዚህ ነው። (ከፍታም ይረዳል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ከተማ የወጣው ይህን ፈልጎ ነው። ሳንባ ግን ሂሳቡን በሌላ በኩል ያስከፍላል።)

የአየር ነገር የዚህን ስፖርት ትልቁን ነውርም አመጣ። የጭነት መኪና አጠገብህ ሲያልፍ አየሩን ይዞ ይሄዳል፤ ጋላቢውን ይስበዋል። መኪና የሚበዛበት ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ የሚመዘገብ ሰዓት ከጸጥተኛ የገጠር መንገድ ሰዓት ያጥራል። ስለዚህ ክብረ ወሰን ፈላጊው ከመኪና ሊሸሽ ሲገባው መኪናውን ተከትሎ ሄደ። ማርቺን ቢያሎብሎትስኪ በ2016 አሥሩን ማይል በ16 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ የጨረሰው ከላይ በጠቀስኩት ቪ 718 ላይ ነው፤ በሰዓት ከ58 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰውየው ብርቱ ጋላቢ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን በሞተር ጎርፍ ዳር የተገኘ ቁጥርና ማክሰኞ ማታ በዛፍ ጥላ ሥር የተገኘ ቁጥር በአንድ መዝገብ መጻፋቸው አይዋጥልኝም። ራሱ ቢድሌክ እንኳ የሞተው መኪና ነክቶት ነው፤ በ1933 በብስክሌት ሲሄድ ተገጭቶ፣ ከሳምንታት በኋላ። በታላቁ የሰሜን ጎዳና ዳር በቤድፎርድሺር የመታሰቢያ አትክልት ቦታ ተተክሎለታል።

ክለቡ ምሽት ላይ የሚያዘጋጀው “አሥር” ግን ክብረ ወሰን አይደለም ሥራው። እዚያ ብዙ ጊዜ ሁለት ውጤት ይነበባል። አንዱ ማን ፈጠነ የሚለው ነው፤ ሌላው ደግሞ ለየሰው አቅሙ ታይቶ ደቂቃ ተቀንሶለት ማን ከራሱ ይበልጥ አሻሻለ የሚለው። በዚህ በሁለተኛው የስልሳ ዓመት ጡረተኛ የሃያ ዓመቱን ልጅ ሊቀድም ይችላል። የመንገድ ውድድር ይህን አያውቅም። በመንጋ ውድድር ደካማው በሦስተኛው ዙር ተቆርጦ ይቀራል፤ ብቻውን፣ ተሸናፊ ሆኖ፣ ቤቱ ይገባል። በ“አሥር” ግን ሁሉም ከመነሻው ብቻውን ስለሆነ ማንም አይቆረጥም። የመጨረሻው ሰው እንደ መጀመሪያው ሰው ሙሉ ውድድር ይጋልባል፤ ሰዓት ያዡም ስሙ አጠገብ እኩል በጥንቃቄ ሰከንዱን ይጽፍለታል። ቢድሌክ ይህን አስቦ አይደለም፤ ከፖሊስ ሊሸሽ ነበር። ሴቶች መወዳደራቸውንም አይወድም ነበር ይባላል። የሠራው ቤት ግን ከሱ ሐሳብ ይሰፋል።

ዛሬ ነገሩ ሕጋዊ ነው። በ1960 በወጣ ደንብ አዘጋጁ አስቀድሞ ለፖሊስ ያሳውቃል፤ ምስጢር የለም። የጠፋው መንገዱ ነው። ትራፊኩ ከአቅም በላይ ሆኖ የተዘጉ፣ አደባባይ ዞሮ መመለሱ አደገኛ በመሆኑ የተተዉ መስመሮች ብዙ ናቸው። ፈረስ ያስደነበረው ብስክሌተኛ አሁን በተራው የሚደነብረው ፈረስ ሆኗል።

ደንቡም ተገልብጧል። የዛሬ መቶ ዓመት ጋላቢው እንዳይታይ ከአንገት እስከ እግሩ ጥቁር እንዲለብስ ታዝዞ ነበር። በቅርብ ዓመታት የወጣው ትእዛዝ ግን የራስ ቁር ያድርግ፣ ከፊትም ከኋላም መብራት ያብራ ይላል። የኋላ ቀይ መብራቱ ካልበራ፣ በሰኔ ጠራራ ምሽት እንኳ ቢሆን፣ እንዲነሣ አይፈቀድለትም።